ከሽማግሌ ደረት ወደ ደብተር፦ የቤተሰብ መዝገብ በረመዳን ሌሊቶች

በረመዳን የመጨረሻዎቹ ሌሊቶች ከተራዊህ በኋላ ሰዎች ወደ ኢማሙ ቀረብ ብለው የሟቾቻቸውን ስም ይሰጣሉ፤ ዱዓ እንዲደረግላቸው። አንዳንዱ በቃሉ ይናገራል፤ አንዳንዱ ከደብተር የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ያቀብላል፤ የዛሬ ልጆች ደግሞ ስልካቸውን ከፍተው ያሳያሉ። ወረታ ላይ ይህን ዝርዝር ለብዙ ዓመታት ስቀበል አንድ ነገር አስተውያለሁ። አባት አለ፣ እናት አለች፣ የአባት አባት አለ። ከዚያ በኋላ «የቀሩትን አላህ ያውቃቸዋል» ይባልና ዝርዝሩ ያልቃል። የእናት እናት ስም የሚገኘው ከስንት አንዱ ላይ ነው።

እርግጥ ነው፣ አላህ (ሱ.ወ) ሁሉንም ያውቃቸዋል። እኛ ስማቸውን ስላላወቅን ዱዓችን መንገድ አይስትም። የሚያሳስበኝ የኛው ነገር ነው። ስማቸው ከጠፋብን፣ ከየት ተነሥተው ወደዚህ ሜዳ እንደመጡ፣ በምን ሥራ እንዳሳደጉን፣ ማን የማንን ልጅ እንዳጠባች፣ ማን ለማን ዕዳ ትቶ እንዳለፈ በምን ልናውቅ ነው? በዚህ ረመዳን እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ወፍራም ደብተር ገዝቶ የዘመዶቹን ትዝታ መሰብሰብ እንዲጀምር የምመክረው ለዚህ ነው።

የአገራችን ስም አጠራር በራሱ ትንሽ መዝገብ ነው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ከዚያ ለሚያልፈው መታወቂያው ላይ ቦታ የለም። መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመላ አገሪቱ በወጥነት መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የፎገራ ገበሬ የተወለደበትን ዓመት የሚያውቀው እናቱ «ርብ ሞልቶ ከብቱን የወሰደ ጊዜ» ስላለችው ነው። እናትየዋ ስታልፍ ዓመቱም አብሯት ያልፋል።

መርሳት የሰው ሁሉ ጠባይ ቢሆንም በዚህ አካባቢ በኛ በሙስሊሞቹ ላይ የበረታበት ምክንያት አለው። በድሮው የጎንደር ሥርዓት መሬት ርስት ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል ትውልዱን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ድረስ መድረስ ነበረበት፤ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ሽማግሌ ጠርቶ፣ በቃሉ። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሐረግ መቁጠር እንጀራ ነበር ማለት ነው። ያልቆጠረ መሬቱን ያጣል። ሙስሊሙ ግን ርስት አይፈቀድለትም ነበርና የሚሟገትበት መሬት፣ ሐረጉን የሚያስቆጥረው ዳኛም አልነበረውም። ኑሮው ንግድ፣ ሽመና፣ አለዚያም የሰው መሬት እያረሰ ማካፈል ነበር። በዚህ አካባቢ «ነጋዴ» ማለት «ሙስሊም» ማለት እስኪሆን ድረስ ቃሉ ራሱ ተለጥፎብን ኖሯል። ይህ የተለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ነው፤ የዛሬ ሽማግሌዎቻችን ያኔ ጎረምሶች ወይም ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ የኛ ትዝታ የተንጠለጠለው በመሬት ላይ ሳይሆን በመንገድና በገበያ ላይ ነው። አንድ አዛውንት ነጋዴ ይዛችሁ «ሰባተኛ አያትዎ ማን ይባላሉ?» ብትሏቸው ዝም ይላሉ፤ ዝም በማለታቸውም ያፍራሉ። «አባትዎ ይፋግ ገበያ ሲሄዱ የማን ቤት ያድሩ ነበር?» ብትሏቸው ግን ሌሊቱ አይበቃቸውም። ይፋግ ከወረታ ወደ ጎንደር ሲኬድ ከአዲስ ዘመን ወዲያ ያለችው ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨውና ጥጥ ይዞ የሚገናኝባት፣ የውጭ አገር ተጓዦች ሳይቀሩ የጻፉላት ታላቅ ገበያ ነበረች። ዛሬ በአውቶቡስ የሚያልፋት ልጅ በመስኮት እንኳ ቀና ብሎ አያያትም። ቅድመ አያቱ በቅሎውን ያሰረባት ቦታ እንደሆነች የነገረው ሰው የለምና አልፈርድበትም።

የሸማኔ ቤተሰብም እንዲሁ ነው። «የአባትህ ጥበብ ምን ነበር?» ከማለት «መወርወሪያውን ማን ሠራለት? ድሩን ማን ያደራለት ነበር? ፈትሉን የምትፈትለው እናትህ ነበረች ወይስ ከገበያ ይገዛ ነበር?» ማለት ይሻላል። እንዝርት ይዛ የኖረች አሮጊት ስለ እንዝርቷ ስትጠየቅ ስለ ጋብቻዋ፣ ስለ ሞቱባት ልጆች፣ ስለ ረሀቡ ጊዜ ሳትጠየቅ ትናገራለች።

የነጋዴነት ታሪካችን ሁሉ ግን የጨውና የጥጥ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በዚሁ መንገድ ሰውም ተሸጧል፤ ከሸጡት ውስጥ የኛ ሰዎች ነበሩበት። መዝገብ የምንጽፍ ከሆነ ይህንን ዘለን ስለ ሐር ካባና ስለ በቅሎ ብቻ መጻፍ አይሆንም። እንዴት እንደሚጻፍ ግን ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ፤ የተሸጡት ሰዎች ልጆችም በየቤታችን፣ በየመስጊዳችን አብረውን አሉና።

ስለ መሰብሰብ አደብ የምንማርበት ታላቅ ምሳሌ ከራሱ ከረመዳን ወር ጋር የተያያዘ ነው። ቁርኣን በዚህ ወር መውረድ እንደጀመረ ሁላችንም እናውቃለን። እንዴት በአንድ ጥራዝ እንደተሰበሰበ ግን ብዙ ጊዜ ለልጆቻችን አንነግርም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሶሐቦች ተገደሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ) ሄደው በየጦር ሜዳው ቃሪዎች እንዲህ ካለቁ ብዙው ሊጠፋ ነውና ይሰብሰብ አሉ። አቡበክር መጀመሪያ አመነቱ፤ ነቢዩ ያልሠሩትን እንዴት እሠራለሁ ብለው። ኋላ ልባቸው ተከፈተና ወጣቱን ዘይድ ኢብን ሣቢትን ጠሩት። ዘይድ ራሱ ተራራ ከቦታው አንሣ ቢሉት ከዚህ እንደሚቀለው ተናግሯል። ቢሆንም ከዘንባባ ግንጥል፣ ከስስ ድንጋይ፣ ከሰዎችም ደረት ሰበሰበ። እርሱ ራሱ ሐፊዝ ሆኖ ሳለ በራሱ ቃል ብቻ አልጻፈም፤ የተጻፈውን ከሚታወሰው ጋር እያመሳከረ፣ ምስክር እየጠየቀ ነበር።

ቁርኣን የአላህ ቃል ነው፤ የኛ የቤት ወሬ ከእርሱ ጋር አይነጻጸርም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የምንማረው አደቡን ነው። ሽማግሌዎች ሳያልቁ መነሣትን፣ ሥራውን ለሚችል ወጣት መስጠትን፣ «እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ከራስ ብቻ አለመጻፍን። ደግሞ አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ያ ጥራዝ ከአቡበክር ወደ ዑመር፣ ከዑመር በኋላ ወደ ልጃቸው ወደ ሐፍሷ (ረ.ዐ) ተላለፈ። ዑስማን (ረ.ዐ) ቅጂ አስጽፈው ወደየከተማው ሲልኩ የተዋሱት ከሐፍሷ ነው። አደራው ሴት ልጅ ቤት ነበር። በኛ ቤት ደግሞ ወረቀት ሁሉ የወንዱ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ወንዱ ሲሞት ሳጥኑ ለከፋፋዮች ይከፈታል፤ ወረቀቱም በዚያው ይበተናል። የማስተዋል ዓይን ላለው ቤተሰብ ደብተሩን የምትይዘው ታላቂቱ እህት ብትሆን መልካም ነው።

የሐዲስ ሊቃውንት ያቆዩልን ሌላው ሀብት ኢስናድ ነው። «ማን ነገረህ? ለእርሱስ ማን ነገረው?» ይህችን ጥያቄ ከልጅነታችን ጀምሮ በደረሳነት ተምረናል፤ የቤተሰብ መዝገብ ላይም ታስፈልጋለች። «ቅድመ አያታችን ከወሎ መጡ» ተብሎ ብቻ አይጻፍ። «ይህን የነገሩን የአባታችን እኅት ናቸው፤ እርሳቸው ከእናታቸው ሰምተዋል» ተብሎ ይጻፍ። ሌላው አጎት «አይ፣ ከጎንደር እስላም ቤት ነው የመጡት» ካለ ያም ከነነጋሪው ስም ከጎኑ ይጻፍ። ሁለቱን ለማስታረቅ አትቸኩሉ። ለሠላሳ ዓመት የተለያየ ወሬ ይዘው የኖሩ ወንድማማቾች በአንድ ሌሊት አይስማሙም፤ ጠባችሁን አስነሥታችሁ ኢፍጣሩን ታበላሻላችሁ። የልጅ ልጅ አንድ ቀን ሦስተኛ ማስረጃ ያገኝ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ ስለ ጡት ዝምድና።

በሸሪዓችን ጡት ያገናኛቸው ልጆች እንደ ሥጋ ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም። ስንት ጊዜ መጥባት ዝምድናውን ያጸናዋል በሚለው መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒዎች አምስት ጊዜ ሲሆን በሐነፊዎች ጥቂቱም ይበቃል፤ ሁሉም ግን ነገሩ በጨቅላነት ዘመን መሆኑን ይጠይቃሉ። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ ጉዳዩ ሲነሣ ዓሊም መጠየቅ ግድ ነው። ዓሊሙ ግን የሚፈርደው በሚነገረው ነው። የሚነገር ከሌለ ምን ይፈርዳል?

ዑቅባ ኢብኑል ሐሪስ የተባሉ ሶሐባ አግብተው ሳለ አንዲት ሴት መጥታ «አንተንም ሚስትህንም ያጠባሁ እኔ ነኝ» ማለቷ በቡኻሪ ተዘግቧል። ዑቅባ አላወቁም፤ ቤተሰብም አልነገራቸውም ነበር። ከመካ ተነሥተው መዲና ድረስ ጋልበው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። እንዲህ እየተባለ እንዴት ይሆናል የሚል መልስ አገኙ፤ ከሚስታቸውም ተለያዩ። ያቺ ሴት ቀድማ ብትናገር ኖሮ፣ ወይም የተጻፈ ነገር ቢኖር ኖሮ፣ ሁለት ሰዎች ከሞቀ ትዳራቸው ባልተነሡ።

በፎገራ ሜዳ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ሩዝ ሲታረምና ሲታጨድ እናት ውሃ ውስጥ ስትውል ሕፃኑን ያጠባችው የባሏ እኅት ናት። እናት በወሊድ ስትሞት ጎረቤት ታነሣዋለች። አሁን ደግሞ አዲስ መንገድ መጥቷል፤ ወጣቷ እናት የስምንት ወር ልጇን ለእኅቷ ትታ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ ትሄዳለች። እኅቲቱ የራሷ ጨቅላ አላት፤ ሌሊት ሲያለቅስባት አንሥታ ታጠባዋለች። ማን ይጽፈዋል? ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ባሕር ዳር አድገው በዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው «የሩቅ ዘመድ ነን፣ ይሆናል» ብለው ሽማግሌ ሊልኩ ይችላሉ። በኒካህ ወቅት «ጡት የሚያገናኛቸው ነገር አለ?» ብዬ ስጠይቅ ቤተሰብ እርስ በርሱ ተያይቶ «እማማ ነበሩ የሚያውቁት» ሲል ሰምቻለሁ፤ እማማ ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። እንዲህ ያለው ኒካህ ሳይታሰር ቀናት ይዘገያል፤ በየቀበሌው አሮጊት ሲፈለግ ይዋላል።

ስለዚህ በደብተሩ ውስጥ ለዚህ የተለየ ገጽ ይኑር። ያጠባችው ሴት ሙሉ ስም፣ የጠባው ልጅ፣ የራሷ ልጆች በሙሉ፣ በግምት ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ ሕፃኑ የስንት ወር እንደነበር፣ ያዩ ሴቶች። ይህን ሴቶች ሴቶችን ይጠይቁ። አሮጊቶቻችን በወንድ ልጅ ፊት ስለ ጡት ማውራት ያፍራሉ፤ ማፈራቸውም ደግ ነው። ሌላውን ገጽ ሁሉ ባትጽፉ ይህን አንዱን ጻፉ።

ከዚህ ቀጥሎ የምመርጠው የዕዳ ገጽ ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በበቀራ ምዕራፍ ያለው፣ የሚያዘው ዕዳን ስለመጻፍ ነው። ሟች ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ነፍሱ የተያዘች መሆኗን ከነቢዩ ትምህርት እናውቃለን። አባታችሁ ለዘር ሩዝ የተበደሩት ኩንታል፣ አያታችሁ በአደራ የያዙት የሰው ብር፣ ያልተመለሰ ጥሎሽ ካለ ተናዛዡ በሕይወት ሳለ ይነገር፤ ይጻፍ፤ በሕይወት ባለው ልጅ ይከፈል።

የማይጻፈውስ? ያለፈ ሰው ኃጢአት አይጻፍም። የፈታችው ሴት ለምን እንደተፈታች፣ አጎት ወጣት ሳለ ምን ጠጥቶ ምን እንዳደረገ፣ ማን ማንን እንዳማ ሐሜት ነው፤ በቀለም ሲጻፍ ደግሞ ሐሜቱ ከነጋሪው ሞት በኋላ ይኖራል። አላህ የሸፈነውን መግለጥ የመዝገብ ሥራ አይደለም። ዘር ነክ ስድብም እንዲሁ። «የእገሌ አያት ባሪያ ነበሩ» ብሎ ስም ጠርቶ መጻፍ በሕይወት ያሉትን ማዋረድ ነው። ቀደም ብዬ ያቆየሁት ነገር ይኸው ነው። የገዛ አያታችሁ ሰው ሸጠው እንደነበር ከታወቀ ግን «አያታችን በዚህ ንግድ ነበሩበት፤ አላህ ይማራቸው» ብላችሁ ስለ ራሳችሁ ወገን ጻፉ። የተሸጠውን ሳይሆን የሸጠውን ጻፉ። በቤታችን ያደጉ፣ ከኛ ጋር የተጋቡ፣ ስማቸው ግን ከዝርዝር ሲወጣ የኖረ ሰዎችን ደግሞ እንደማንኛውም ዘመድ በልጅነታቸውና በእናትነታቸው አግቡአቸው።

ክርስቲያን የሆነውን የዘመድ ክንፍ መተውም አይገባም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግስት ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በአፄ ዮሐንስ በታዘዘ ጊዜ ከጎንደር በኩል ብዙዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። የቀሩት ውስጥ ሁለት ስም ይዘው የኖሩ አሉ፤ «ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም» የሚለው አነጋገር ከዚያ የቀረ ነው። በዚያው የጸኑም፣ ዘመኑ ሲያልፍ የተመለሱም አሉ። ስለዚህ የአንድ አያት ልጆች ዛሬ አንዱ መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው። ለቅሶ ላይ የምንገናኘው፣ ለዒድና ለፋሲካ የምንጠራራው ያለ ነገር አይደለም። በዚያ ክንፍ በኩል ያሉ አዛውንቶች ደግሞ በርስት ምክንያት ሐረግ ቆጠራ የለመዱ ስለሆኑ እኛ የረሳነውን የሩቁን አያት ስም የሚነግሩን አንዳንዴ እነርሱ ናቸው። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ዝምድና መቀጠል ሙስሊም ለሆነ ዘመድ ብቻ የታዘዘ አይደለም፤ አስማ ቢንት አቢበክር ሙስሊም ያልሆነችውን እናቷን እንድትቀጥል በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተፈቅዶላታል።

እስቲ ስለ አጠያየቁ ጥቂት ልበል። ከዐሥር እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት ሽማግሌ አትጠይቁ። ጉሮሯቸው ደርቋል፣ ሐሳባቸው ሳምቡሳው ላይ ነው፤ ሁለት ቃል ተናግረው «በኋላ» ይላሉ። ከተራዊህ በኋላ ቡና ሲፈላ ነው ሰዓቱ። ጠያቂው አንድ ይሁን፤ አምስት የልጅ ልጅ ከቦ ስልክ ሲደቅን አዛውንቱ እንደ ዳኛ ፊት ይጠነቀቃሉ። ስልኩ ይቅዳ፣ ግን ጎን ይቀመጥ። ለመቅዳትም ፈቃዳቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ታሪኩን መሐል ላይ አታርሙ፤ ዓመት ቢሳሳቱ ደብተሩ ላይ ታስተካክላላችሁ። ስትጽፉም በአነጋገራቸው ጻፉ። የፎገራን ሰው ንግግር ወደ ሬዲዮ አማርኛ ቀይራችሁ የምታሰፍሩ ከሆነ ሰውየውን ከገጹ ላይ አስወጣችኋቸው።

ዓመት ሲጠፋ በድርጊት ያዙት። «ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል» ካሉ 1880 ዓ.ም. ነው፤ «ክፉ ቀን» ከዚያው ጀምሮ ያሉት የረሀብ ዓመታት ናቸው። እነዚህን ማንም በዓይኑ ያየ የለም፤ ሲባል የሰማ ግን አለ። «ጣሊያን ሲገባ» 1928 ነው። ስለ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ የሚያወሩ፣ ያኔ አዲስ አበባ ንግድ ላይ የነበሩ አባቶች አሁንም አሉ። ድርቁ 1977፣ የደርግ መውደቅ 1983፣ በክልላችን የመሬት ሽግሽግ 1989 ነው። በሜዳው ላይ ደግሞ አንድ የራሳችን መለኪያ አለን፦ ሩዝ። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በነበሩበት ጊዜ የተዋወቀው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ እስካሁን በማሳችን ላይ አለ። ከዚያ በፊት ያ ውሃ የሚተኛበት መሬት የፎገራ ከብት መዋያ ነበር። «ሩዝ ሳይመጣ ነው የተጋባነው» የሚሉ እናት ትልቅ ነገር ነግረዋችኋል፤ ያኔ ምን ይበላ እንደነበር፣ ከብቱ ስንት እንደነበር፣ የሩዝ እንጀራ መጀመሪያ ሲጋገር ማን እንደሳቀ ቀጥላችሁ ጠይቁ። ቀኑ በሂጅራ ከተነገራችሁ በሂጅራው፣ በውጭ አገር ያለ ዘመድ በፈረንጅ አቆጣጠር ከላከም በዚያው ጻፉና የትኛው እንደሆነ አጠገቡ ምልክት አድርጉ። ሦስቱን የዘመን አቆጣጠሮች ያለ ምልክት የቀላቀለ መዝገብ ለሚቀጥለው ትውልድ እንቆቅልሽ ነው።

ከመጻፋችሁ በፊት የተጻፈውን ፈልጉ። አያቱ ቃሪ ወይም ሼህ የነበሩበት ቤት ውስጥ አሮጌ ኪታብ አይጠፋም። ውስጡን ለዓሊሞች ተዉትና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል ተመልከቱ። እናቶቻችን «የአባቴ ኪታብ» ብለው በጨርቅ ጠቅልለው በሰቀሉት ጥራዝ ባዶ ገጽ ላይ የልጅ ልደት፣ የሰው ሞት፣ የብድር መጠን ተጽፎ ይገኛል፤ አንዳንዴ በዐረብኛ፣ አንዳንዴ በዐጀሚ ማለትም አማርኛው በዐረብኛ ፊደል። ማንበብ የሚችል ጥሩና አስነብቡት፤ ገጹንም በጥሩ ብርሃን በስልክ አንሡት። በኛ አገር ከነዚህ ወረቀቶች ትልቅ ነገር ተገኝቷል። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ የ19ኛውን መቶ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ የጻፉት ከሽማግሌዎች ቃልና በየቦታው ከተቀመጡ ጽሑፎች እየለቀሙ ነው። በሐረር አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ የሰበሰቧቸው ጥራዞች፣ የድምፅ ቅጂዎችና አልባሳት ዛሬ ሙዚየም ሆነው ይጎበኛሉ። የናንተ ኪታብ ሙዚየም መግባት የለበትም። ለቱሪስት ግን አትሽጡት፤ «አርጅቷል» ብላችሁም አትጣሉት።

በውጭ ያሉትን አትርሱ። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት ያለችው እኅት ከሁላችሁ በላይ የቤት ወሬ ይናፍቃታል። በቴሌግራም ቡድን ከፍታችሁ በሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ ላኩ፦ «አባባ ቤት የነበረው ትልቁ ዛፍ ምን ነበር? ማን ነው ከላዩ የወደቀው?» መልሱ በድምፅ ይመጣል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይታወሰዋል። ካርቱም የነበሩ ዘመዶቻችን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ አብዛኞቹ የወጡት በለበሱት ልብስ ነው። ሃምሳ ዓመት የሰበሰቡት ፎቶና ወረቀት እዚያው ቀርቷል። ለእነርሱ ይህ ደብተር የራሳቸውን ኑሮ መልሰው የሚያገኙበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞን ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሲመጣ ይደርሳል።

ደብተሩ ሲሞላ በኮምፒውተር አስጽፎ አስጠርዞ ለየቤቱ ማደል ይቻላል፤ በባሕር ዳርም በወረታም የሚሠሩ አሉ። ገንዘቡ ከሌለ በእጅ የተጻፈውን ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይበቃል። ከዒድ ሰላት መልስ ቤተሰብ በሚሰበሰብበት ጊዜ የጡት ዝምድናውን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ሰው ያንብበው። ወጣቶቹ ይስሙት፤ ያልተጻፈ ካለም አሮጊቶቹ እዚያው ይናገራሉ።

ዋናውን ደብተር የት እንደምታስቀምጡ ግን አስቡበት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ወጥተው የፎገራን ቀበሌዎች ሲያጥለቀልቁ ሰው ልጁን ተሸክሞ ነው የወጣው፤ ሳጥን ያነሣ የለም። ከዚያ ወዲህም ውሃው በየጊዜው እየመጣ ነው። ዘንድሮ ረመዳን የገባው በበጋ ስለሆነ ጊዜ አለን። አንዱን ቅጂ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ቆጥ ላይ ስቀሉት። ሁለተኛውን ከሜዳው አውጥታችሁ ደብረ ታቦር ደጋው ላይ ላለ ዘመድ ስጡ፤ ሰኔ ሳይገባ።